መሐረቡን ማን አነሳው?
ተማሪዎች «ኦቴሎ»ን በመድረክ ሲያዩ ምን ይማራሉ?

ትምህርት ቤት ልጆችን ቴአትር ሊወስድ ነው ሲባል ከወላጅ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፈተና ላይ ይወጣል ወይ?» የሚል። ጥያቄው አይፈረድበትም። የመግቢያና የአውቶቡስ ገንዘብ ከወር አስቤዛ ላይ ተቀንሶ የሚከፈል ነው። የግማሽ ቀን ትምህርትም ይታጠፋል። በዚያ ላይ ልጁ ታሪኩን እቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ሊያየው ይችላል። ታዲያ ከ400 ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የተጻፈ ተውኔት፣ ያውም በቅናት ሚስቱን ስለገደለ የጦር አዛዥ የሚያወራ፣ ለ17 ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ ምን ይፈይድለታል?

እኔ 31 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ አያት ነኝ። የልጅ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን «ኦቴሎ»ን ሊያሳይ ሲወስድ አብረዋቸው የሚሄዱ ትልልቅ ሰዎች ይፈለጉ ነበርና እኔም ተጠራሁ። በዚያን ዕለትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ያየሁትንና የሰማሁትን ላካፍላችሁ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ከዚህ የምትወስዱት ነገር ይኖራል ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩን ለረሳችሁ

ኦቴሎ ለቬኒስ መንግሥት የሚዋጋ ጥቁር የጦር አዛዥ ነው። በጀግንነቱ የተከበረ ቢሆንም ለከተማዋ ባዳ ነው። ዴዝዴሞና የምትባል የትልቅ ሰው ልጅ ወዳው አባቷን ሳታስፈቅድ ታገባዋለች። ከኦቴሎ በታች ከሚያገለግሉት አንዱ ኢያጎ ነው። የጠበቀው ሹመት ካሲዮ ለሚባል ወጣት ስለተሰጠበት ቂም ይዟል። የኢያጎ ዋና መሣሪያው ወሬ ነው። «ሚስትህና ካሲዮ...» ብሎ ይጀምርና ዝም ይላል። ቀሪውን ኦቴሎ ራሱ እንዲጨርሰው ይተወዋል።

ኦቴሎ ማስረጃ ሲጠይቅ የተገኘው ማስረጃ አንድ መሐረብ ነው። መሐረቡ ኦቴሎ ለሚስቱ የሰጣት የመጀመሪያ ስጦታ ነበር። አንድ ቀን ከእጇ ይወድቅባታል። ኤሚሊያ፣ ማለትም የዴዝዴሞና አጃቢና የኢያጎ ሚስት፣ ታነሳዋለች። ባሏ ደጋግሞ ሲለምናት የኖረው ዕቃ ነበርና ለምን እንደፈለገው ሳታውቅ ትሰጠዋለች። ኢያጎ ወስዶ ካሲዮ ክፍል ውስጥ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ኦቴሎ ንጹሕ ሚስቱን በአልጋዋ ላይ ይገድላል። እውነቱ ሲወጣ ራሱንም ያጠፋል።

ሼክስፒር ይህን ተውኔት የጻፈው በ1600ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዘመኑ በእነሱ አቆጣጠር ነው)። በመዝገብ የተገኘው የመጀመሪያ ትርዒት የታየው በ1604 ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የኦቴሎን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ፊታቸውን የተቀቡ ነጮች ነበሩ። አይራ አልድሪጅ የተባለ ጥቁር ተዋናይ በለንደን ኮቨንት ጋርደን ቴአትር ኦቴሎን ሆኖ የተጫወተው በ1833 ነው። ፖል ሮብሰን ደግሞ በ1943 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ተጫውቶታል።

ወደ እኛ ያመጣው ጸጋዬ ገብረመድኅን ነው። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አካባቢ የተወለደው ጸጋዬ፣ ለንደንና ፓሪስ ሄዶ የቴአትርን ሙያ አጥንቶ ከተመለሰ በኋላ «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መለሰ። የአማርኛው «ኦቴሎ» እንደ እንግዳ ሥራ አይሰማም። እናንተ በወጣትነታችሁ ብሔራዊ ቴአትር ወረፋ ይዛችሁ ቴአትር ያያችሁ አያቶች የምለውን ታውቁታላችሁ። «የጸጋዬ ቤት» እስከ መባል የደረሰው የስንኝ ምቱ የሚያዘው ጆሮን ነው። በዓይን ብቻ ሲያነቡት ይከብዳል። ጮክ ተብሎ ሲነገር ግን ይፈታል።

አዳራሹ ውስጥ

ቴአትሩን ያዘጋጁት ወጣቶች ናቸው። ሥራው ጥቂት ተሳጥሯል። መድረኩ ላይ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበርና አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር። ልጆቹ ሲገቡ እንደ ልጅ ገቡ። ቆሎና ብስኩት ይዘዋል፤ ይሳሳቃሉ፤ የስልኮቻቸው መብራት በየወንበሩ ብልጭ ድርግም ይላል። «እነዚህን ማን ዝም ያሰኛቸዋል?» ብዬ ሰግቼ ነበር።

ዝም ያሰኛቸው ኢያጎ ነው። የተጫወተው ልጅ ቀጭን ነው፤ ሳቂታ ነው፤ ወደ መድረኩ ጫፍ እየመጣ ተመልካቹን ያዋራል። አሁን እንዲህ አደርጋለሁ፣ ከዚያ እንዲህ ይሆናል እያለ ዕቅዱን ለተማሪዎቹ ሹክ ይላቸዋል። ወደዱት። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ «አራዳ ነው!» ሲል ሰማሁት። ሌሎቹም ሳቁለት። ምስጢሩን ከእነሱ በቀር ማንም አያውቅምና የእሱ ወገን ሆኑ። ቴአትሩ እየገፋ ሲሄድ ግን ሳቁ እየቀነሰ መጣ። ኦቴሎ እያመነ፣ ዴዝዴሞና ምንም ሳታውቅ ስታባብለው ያው «አራዳ» ያለው ልጅ ወደ ጓደኛው ዞሮ «ኧረ ይሄ ሰውዬ!» አለ። ክፉ ሰው ክፉ መስሎ እንደማይመጣ፣ ደስ የሚል፣ ቀልድ አዋቂና «ለአንተ ብዬ ነው» ባይ ሆኖ እንደሚመጣ በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ! ልጆቹ ግን ራሳቸው ወደውት፣ ራሳቸው ስቀውለት፣ በኋላ ባፈሩበት ጊዜ ነው የገባቸው።

ከዚያ መሐረቡ ወደቀ። ዴዝዴሞና አላየችም። ኦቴሎም አላየም። ነጭ ጨርቅ ነው፤ መድረኩ መሐል ተዘርግቶ ቀረ። አዳራሹ በሙሉ አየው። አንዲት ልጅ ሳታስበው «ወደቀባት!» ብላ ጮኸች። ኤሚሊያ መጥታ ስታነሳው ደግሞ ከየአቅጣጫው «አትስጪው! አትስጪው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰጠችው። ከ200 ልጅ ጉሮሮ አንድ ላይ የወጣው «እህ!» አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ይህን ነው ስልክ የማይሰጠው። በስልክ የሚታይ ፊልም ያለቀ ነገር ነው። ልጁ አቁሞ ሻይ ይጠጣል፤ ካልጣመው ያልፈዋል። መድረክ ላይ ግን ሰውዬው እዚያው ነው፤ ላቡ ይታያል፤ ትንፋሹ ይሰማል፤ ብትጮህ ይሰማሃል። ሆኖም አይመለስም። እያወቅክ፣ አጠገቡ ሆነህ ልታድነው አትችልም። ይህ ስሜት ለወጣት ልጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ከአዳራሹ ሲወጣ በእውነተኛው ኑሮው ውስጥ መናገር የሚችልባቸው ጊዜዎች እንዳሉ ያስታውሰዋልና።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ኢያጎ ኦቴሎን መጋረጃ ጀርባ ደብቆ ካሲዮን የሚያዋራበት ቦታ አለ። ካሲዮ የሚስቀው ስለ ሌላ ሴት እያወራ ነው። ኦቴሎ ቃሉን በቅጡ አይሰማም፤ ሳቁን ብቻ ያያል። በሚስቱ የተሳለቀ ይመስለዋል። መጽሐፉን ሳስተምር ይህን ክፍል ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር። በመድረክ ላይ ሁለት ደቂቃ በቃው። «በዓይኔ አየሁ» ማለት «አወቅሁ» ማለት እንዳልሆነ ልጆቹ በአንድ ጊዜ አዩት።

ዴዝዴሞና ስትሞት መጀመሪያ አንዳንዶቹ ሳቁ። የሳቁት ቀልድ አግኝተው አይደለም። ልጅ የሚያስጨንቀውን ነገር ሲያይ ይስቃል። ከዚያ ዝምታ ሆነ። ኤሚሊያ ባሏ እያስፈራራት «መሐረቡን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የሰጠሁትም ለእሱ ነው» ብላ እውነቱን ስታወጣ ግን ቴአትሩ ሳያልቅ አጨበጨቡ። ለዚያ ቃል በሕይወቷ ከፈለች።

የማግስቱ ክፍለ ጊዜ

በማግሥቱ የአማርኛ መምህራቸው፣ ገና ወጣት ነው፣ ክፍሉ ገብቼ እንድቀመጥ ጋበዘኝ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ «ጥፋቱ የማን ነው?»

ግማሾቹ «የኢያጎ!» አሉ። ሌሎቹ «የኦቴሎ፣ ካሲዮን ጠርቶ ለምን አልጠየቀውም?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ኦቴሎ ካሲዮን «መሐረቡን ከየት አገኘኸው?» ብሎ የሚጠይቀው ሚስቱን ከገደለ በኋላ ነው፤ መልሱም አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም፤ ክፍሌ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት የሚል ብቻ ነው። አንድ ልጅ ደግሞ ዴዝዴሞናን ወቀሳት፤ ባሏ ሲጠይቃት መሐረቡ አልጠፋም ብላ ዋሽታለች አለ። ፈርታ እንደሆነ ሴቶቹ ተከራከሩላት።

ከዚያ ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ጥፋቱ የኤሚሊያም ነው» አለች። «መሐረቡን አነሳች። ለምን እንደፈለገው ሳታውቅ ሰጠችው። ዴዝዴሞና ስትፈልገው ደግሞ አላውቅም አለቻት። መጨረሻ ላይ ጀግና ሆነች፤ ግን መጀመሪያ ላይ ብትናገር ማንም አይሞትም ነበር።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታው የገባኝ ቆይቶ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት የክፍላቸው ልጅ ከአንድ ወንድ ልጅ ጋር የተጻጻፈችው መልእክት ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ግሩፓቸው ተለቆ ነበር። ከላይ ያለው ተቆርጧል። የቀረው ብቻውን ሲነበብ የሚያሳፍር ይመስላል። ልጅቷ ስምንት ቀን ትምህርት ቤት አልመጣችም። ቴአትሩንም አላየችም።

አንድ ወንድ ልጅ አቀርቅሮ «ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም የሠራሁት፤ ፎርዋርድ ነው ያደረግኩት» አለ።

ያቺው ልጅ ዞር ሳትል «ኤሚሊያም ያለችው እኮ ይሄንኑ ነው» አለችው።

መምህሩ አልተቆጣም፤ ምክር አልሰበከም። «ከላይ የተቆረጠው ምን ይል ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቃቸው። ማንም አያውቅም። 40 ልጅ አይቶታል፤ አንዱም አልጠየቀም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል። በዚያን ቀን ግን ተረቱ የማን እንደሆነ አወቁ።

ከክፍሉ ሦስት ልጆች ከስም ጠሪ መምህራቸው ጋር ልጅቷ ቤት ሄዱ። በተከታዩ ሰኞ ተመለሰች። የምትቀመጠው ግን ድሮ ከነበረችበት ቦታ አይደለም፤ ፊት ለፊት ብቻዋን ነው። ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ አላታልላችሁም። ያ ምስል አሁንም በስንት ስልክ ውስጥ እንዳለ ማንም አያውቅም። መሐረብ ከእጅ ከወጣ በኋላ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በግሩፑ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አንዱ ወይም ሌላዋ «መሐረብ!» ብለው ይጽፋሉ አሉ። ከዚያ ወዲያ አይተላለፍም። የልጅ ልጄ ናት የነገረችኝ።

ጥናቱስ ምን ይላል?

ይህ የአንድ አያት ወሬ ብቻ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በአሜሪካ የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር በጥናት መርምረውታል። የመጀመሪያ ውጤታቸውን በ2014 (በእነሱ አቆጣጠር) አወጡ። ያደረጉት ቀላል ነው። ቴአትር ለማየት የጠየቁ የተማሪ ቡድኖችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ወገን «ሐምሌት»ን ወይም የቻርልስ ዲከንስን የገና ታሪክ በመድረክ አየ፤ ሌላው አላየም። ዕጣ ስለሆነ በሁለቱ መካከል የታየውን ልዩነት «ጎበዞቹ ስለሄዱ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ያዩት ልጆች የተውኔቱን ታሪክና ቃላት ካላዩት የበለጠ ያውቁ ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው ግን ከእነሱ የተለየ ሐሳብ ያለውን ሰው በመታገሥና የሌላውን ሰው ስሜት በመረዳትም በልጠው ተገኙ። ጥናቱ ሰፍቶ ሲቀጥል ሌላ ጥያቄ ተጨመረ፤ ታሪኩን በፊልም ቢያዩትስ የሚል። በ2018 በታተመው ውጤት በዕጣ ፊልም እንዲያዩ የተደረጉት ልጆች ይህን ጥቅም አላገኙም።

እኔ ምክንያቱን በመምህርነቴ እንደሚከተለው እረዳዋለሁ። አዳራሽ ውስጥ ልጁ ብቻውን አይደለም። ጎኑ የተቀመጠችው ስታለቅስ ያያል፤ እሱ የሳቀበት ቦታ ላይ ሌላው እንዳልሳቀ ይሰማል። ተዋናዩ ደግሞ ሥጋና ደም ያለው ሰው ነው። ታሪኩን ከማወቅ አልፎ ሰውን ማየት ይለማመዳል።

ቃሉንም እንዲሁ። ልጆቻችን የዛሬ አማርኛቸው የአጭር መልእክት አማርኛ ነው ብለን እናማርራለን። ጸጋዬን ስጡት ለልጁ፣ መጽሐፉን ከፍቶ ይዘጋዋል። ከተዋናይ አፍ ሲሰማው ግን ያልገባውን ቃል ከእጁ እንቅስቃሴ፣ ከድምፁ መውጣትና መውረድ ይገምተዋል። ከቴአትሩ በኋላ የልጅ ልጄ የአያቷን የቆየ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ስታወርድ አየሁ። «ያንን ቦታ ልፈልገው ብዬ ነው» አለችኝ። ለዚህ ምንም ዓይነት የቤት ሥራ አልተሰጣትም።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዮፍታሔ ንጉሤን የመሳሰሉ ቀደምት ጸሐፍተ ተውኔት መምህራንም ነበሩ፤ ድርሰቶቻቸውን ለሕዝብ ይጫወቱላቸው የነበሩት ተማሪዎቻቸው ናቸው። ቴአትርና ትምህርት ቤት አብረው ነው ያደጉት። የሀገር ፍቅር መድረክ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ትውልድ አስተምረዋል።

«ከፍቅሩ ብዛት ነው»

የቤታችን ክርክር ደግሞ ሌላ ነው። እሑድ ቡና ላይ የልጅ ልጄ ታሪኩን ለአያቷ ትነግረዋለች። ባለቤቴ «ኦቴሎ»ን በወጣትነቱ አይቷል፤ ለኦቴሎ ያዝናል።

«ሰውዬው ምን ያድርግ? ከፍቅሩ ብዛት እኮ ነው» አለ።

«አባባ፣ የሚወዱትን ሰው ይጠይቁታል እንጂ ይሰልሉታል እንዴ?»

«ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።»

«እሱ እኮ ጠርጥሮ ነው የተመነጠረው!»

ባለቤቴ ሲኒውን አስቀመጠ። በ50 ዓመት ትዳራችን ተረት ሲያልቅበት አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ ሌላ ነገር አመጣች። የጓደኛዋ «ፍቅረኛ» የስልኳን ይለፍ ቃል ይጠይቃታል አለች። ካልሰጠሽኝ አትወጂኝም ይላታል። ከማን ጋር እንዳወራች ይቆጥራል። ጓደኛዋ ይህን «ስለሚወደኝ ነው» ብላ ነበር የምታወራው። ቴአትሩን ካየች በኋላ ግን በአውቶቡስ ውስጥ ምንም አላወራችም።

ባለቤቴ ይለፍ ቃል ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። «ቁልፍ ማለት ነው?» አለ። «አዎ፣ ቁልፍ በለው።» ጥቂት አሰበና «ታዲያ ቁልፍሽን የሚቀማሽ ሰው ሌባ ነው እንጂ ወዳጅ ነው ያለው ማን ነው? ለጓደኛሽ ንገሪያት» አላት።

እኛ ትልልቆቹ «ከፍቅር ብዛት» የምንላት ቃል እንዳለችን ልብ በሉ። ለወንድም ለሴትም በዘፈናችንም በወጋችንም ቅናትን የፍቅር ማረጋገጫ አድርገን አሳድገናል። ወጣቶቹ መድረክ ላይ መጨረሻውን አዩ። አልጋው ላይ የተኛችው ልጅ ምንም አላጠፋችም። ገዳይዋም እወድሻለሁ እያለ ነው የገደላት። ይህን እኔ ብናገር ምክር ይሆናል፤ እናቷ ብትናገር ቁጣ ይሆናል። ከመድረክ ሲመጣ ግን ስለ ራሷ ሳታወራ ስለ ዴዝዴሞና እያወራች የልቧን ትናገራለች። ለወላጅ ከዚህ የተሻለ በር የለም።

በዚያው ምሽት ዕቃ ስናጥብ «እማማ፣ እኔ ያንን ምስል አላስተላለፍኩም። ግን አይቼ ዝም አልኩ» አለችኝ። «አሁን ታዲያ?» አልኳት። ቤቷ ከሄዱት ሦስቱ አንዷ እሷ እንደነበረች ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሌላም ለአያቶች የሚሆን ነገር አለ። ኢያጎ ኦቴሎን ያሸነፈበት አንዱ መንገድ «አንተ የዚህን አገር ሴቶች ጠባይ አታውቅም፣ እኔ አውቃለሁ» ማለቱ ነው። ባዳ ሰው የሰውን አገር ወግ እንዲነግረው በሌላ ሰው ላይ ይደገፋል። ልጆቻችን ወደ ዓረብ አገርም ወደ አሜሪካም በሚሄዱበት በዚህ ዘመን፣ «እኔ ልንገርህ፣ አንተ አታውቅም» የሚል ሰው ሁሉ አስተርጓሚ እንዳልሆነ ማወቅ ቀላል ስንቅ አይደለም።

ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ

በመጨረሻ ከልምዴ ጥቂት ነገሮች ላስቀምጥላችሁ።

ታሪኩን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መጨረሻውን ካወቁት ይሰለቻቸዋል ብላችሁ አትፍሩ። በእንዲህ ያለ ነባር ተውኔት ዋናው ነገር «ምን ይሆን?» ሳይሆን «እንዴት እዚህ ደረሰ?» ነው። ማን የማን ሚስት እንደሆነች፣ ማን ማንን እንደሚጠላ በአምስት ደቂቃ ማስረዳት የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ግራ ከመጋባት ያድናል።

ዕድሜውን ተመልከቱ። «ኦቴሎ» ግድያ አለበት፤ ከ9ኛ ክፍል በታች ላለ ልጅ አልመክርም። ለታናናሾቹ በሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር የሚቀርቡት ሥራዎች አሉ። መሣቅ ለሚወድ የቤተሰብ ታዳሚ ደግሞ እንደ መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ያለ ኮሜዲ ከተገኘ ሳያመልጣችሁ ተመልከቱት። እሱም ስለ ክብርና ስለ ዘር ቆጠራ ብዙ ያነጋግራል።

የሚቻል ከሆነ ወደ ፊት ተቀመጡ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ የሚያየው ጓደኞቹን ነው፤ ከፊት የተቀመጠ የተዋናዩን ዓይን ያያል። ስልኩን «አጥፋ» ከማለት ይልቅ የራሳችሁን ስልክ ፊቱ አጥፉ።

ሲያልቅ ወዲያው «ምን ተማርክ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ጥያቄ የልጅን አፍ ይዘጋል። «ማን አናደደህ?»፣ «የቱ ጋ ብትሆን ትናገር ነበር?»፣ «ማንን ታምን ነበር?» በሉት። መልሱ ካልመጣ ተዉት። ከሦስት ቀን በኋላ ዕቃ ስታጥቡ ይመጣል።

ከልጁ ጋር ካልተስማማችሁም አትደንግጡ። ባለቤቴ አሁንም ለኦቴሎ ያዝናል፤ ልጅቷ አሁንም አትምረውም። ሁለቱም ግን መጽሐፉን መሐላቸው አስቀምጠው ገጽ እየገለጡ ነው የሚከራከሩት።

አያቶች ደግሞ አብራችሁ ሂዱ። ብዙዎቻችሁ እነዚህን ተውኔቶች በጉብዝናችሁ ዘመን አይታችኋል፤ የአንዳንዱን ተዋናይ ድምፅ ዛሬም ታስታውሳላችሁ። ልጆቹ ስልካቸውን በእኛ ፊት መክፈት አይወዱም፤ በእኛ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ያለ ስልክ አልነበረም። ቅናትን፣ ሐሜትንና ዝም የማለትን ጸጸት ግን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በሚቀጥለው ወር የልጅ ልጄ ክፍል «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጮክ ብሎ ሊያነብ ነው፤ የሰማዕቱን የአቡነ ጴጥሮስን ቃል ማን ያንብብ በሚለው እስካሁን አልተስማሙም። ባለቤቴ «ድምፄ ገና አልጠፋም» እያለ ከአሁኑ ይለማመዳል።